የእግዜር እንግዳና ባለ ድንኳኑ

በሰሜን ተራሮች ከግጭ ተነሥቶ ጨነቅ የሚያድርና በማግስቱ ወደ ቧሂት በር የሚወጣ እግረኛ ቤቱን በጀርባው ተሸክሞ ይሄዳል። ድንኳኑ፣ የመኝታ ከረጢቱና ምድጃው ሁሉ ከአንድ ሻንጣ ገብተዋል። ጨነቅ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ነው፤ በሩ ደግሞ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። በበጋ ሌሊት በዚያ ከፍታ ውሃ በረዶ ይሆናልና ሸክሙ ቅንጦት አይደለም።

የቀድሞው መንገደኛም ቢሆን ባዶ እጁን አልሄደም፤ በሶውን በስልቻ ቋጥሮ ነበር የሚወጣው። ቤት ግን አልተሸከመም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከማያውቀው ሰው ደጃፍ ቆሞ «የመሸበት መንገደኛ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል፤ «ቤት የእግዜር ነው» ይሉታል። እግሩ ይታጠባል፣ መደብ ይለቀቅለታል።

ለመሆኑ ማንንም ሳያስቸግር የሚያልፈው ሰው ከዚህ ይበልጣልን?

ፍርዱ በመጀመሪያ ለባለ ድንኳኑ ያደላል። «እንግዳ» በሚል ስም የገበሬ ጎተራ የተራቆተበት ዘመን ነበረ። ወታደር በባላገር ቤት እየተመራ ይሰፍር፣ የቤተ መንግሥት እንግዳም ባለፈበት አገር ሁሉ ድርጎ ይቆረጥለት ነበር። በ19ኛው ምዕት ዓመት የመጡት የአውሮፓ ተጓዦች ብዙዎቹ በዚሁ ድርጎ ተጉዘዋል። ባላገሩ በግድ ያበላውን ሰው እንግዳ ብሎ መጥራት ቋንቋን ማዋረድ ነው። ስንቁንና መኝታውን ይዞ የሚመጣ ሰው ቢያንስ የድኻ ጎተራ አይነካም።

ይሁን እንጂ አለማስቸገር ብቻውን ደግነት አይሆንም። «አሳድሩኝ» ያለ ሰው ስሙንና አገሩን ይናገራል፤ ያሳደረውም ጓዳውንና የታመመ ልጁን ያሳየዋል። ከዚያ ወዲያ በዚያ መንገድ ሲያልፍ ሳይጠይቃቸው ቢቀር ነውር ነው። ባለ ድንኳኑ ግን መንደሩን ያየዋል እንጂ መንደሩ አያገኘውም። በግጭማ ዛሬ ማንኳኳት ቢፈልግ እንኳ ደጃፍ የለም፤ ነዋሪዎቹ ፓርኩ እንዲያገግም ሲባል እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል።

ደግሞስ ባለ ድንኳኑ በእርግጥ ራሱን ችሏልን? በፓርኩ ደንብ ከጎኑ የማይለይ መሣሪያ የያዘ ስካውት አለ። ሻንጣው ሲከብድም በቅሎ ጫኝ ይቀጠራል። ሌሊት እነዚህ ሰዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው እሳት ዳር ሲቀመጡ የነገሩ መልክ ይለወጣል። ቤት ይዞ የመጣ ሰው በዚያ ምድረ በዳ ባለቤቱ እርሱ ነው፤ «ቤት የእግዜር ነው» የማለቱም ዕዳ ወደ እርሱ ዞሯል። «ደመወዛቸው ተከፍሏል» ብሎ የድንኳኑን መዝጊያ መሳብ ይቻላል፤ ድርጎ ተቀባዩም የንጉሥ ትእዛዝ በእጁ ነበረው።

ሊነጋጋ ሲል፥ ከበሩ ማዶ በሌሊት ተነሥተው አህያ እየነዱ ወደ ገበያ የሚወርዱ ሰዎች በጨነቅ በኩል ያልፋሉ። ምድጃው ያን ጊዜ ገና ትኩስ ነው።