በልደት ጊዜ ስለ ተጐዳች እጅ፤ ዕዳው የማን ነው?

በመርካቶ ብዙዎቹ ተራዎች ስማቸውን ያገኙት ከሚሸጥባቸው ዕቃ ነው፤ ጭድ ተራም ስሙን ያገኘው ከጭድ ነው። በዚህ ሰፈር የሚውል ሰው እንጀራው በእጁ ላይ ነው፤ የሚያነሣውም የሚያስረውም፥ የሚሸከመውም የሚቈጥረውም በሁለት እጁ ነው። ስለዚህ በዚያ የምትኖር እናት የወለደችው ሕፃን አንዱን እጁን እንደማያነሣ ባየች ጊዜ የምታዝነው ለዛሬ ብቻ አይደለም፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ምን ሠርቶ ይበላል ብላ ነው እንጂ። እኛም የምንመረምረው ይህን ነው፤ ለእንደዚህ ያለው ሕፃን የሚገባው ርዳታ ምንድር ነው? ዕዳውስ በማን ላይ ነው?

አስቀድሞ ነገሩን ማወቅ ይገባል። ከአንገት አጥንቶች መካከል ወጥተው ወደ ትከሻና ወደ ክንድ የሚወርዱ፥ ሐኪሞች ነርቭ የሚሏቸው አምስት ሥሮች አሉ፤ የአንጐልን ትእዛዝ ወደ እጅ የሚያደርሱ መልእክተኞች እነዚህ ናቸው። በምጥ ጊዜ የሕፃኑ ራስ ከወጣ በኋላ ትከሻው በእናቱ አጥንት የተያዘ እንደ ሆነ፥ ወይም በእግሩ የመጣ እንደ ሆነ፥ አንገቱና ትከሻው ይራራቁና ሥሮቹ ይለጠጣሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ይበጠሳሉ። ያን ጊዜ ክንዱ ወደ ውስጥ ዞሮ በጎኑ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1874 ዓ.ም. ዊልሄልም ኤርብ የሚባል የጀርመን ሐኪም ስለ ላይኞቹ ሥሮች፥ በ1885 ዓ.ም. ደግሞ አውግስታ ክሉምፕኬ የምትባል ሴት ሐኪም ስለ ታችኞቹ ጽፈዋል። ይህ ጉዳት ከሺህ ልደት በአንዱ ያህል ይገኛል። ከእነዚህ ሕፃናት ብዙዎቹ በጥቂት ወራት ይሻላቸዋል፤ ለሌሎቹ ግን ብርቱ ርዳታ ያስፈልጋል።

ሰው ይህን ባየ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ማን በደለ ብሎ ነው። አንዱ እናቲቱ ጾም ሽራ ነው ይላል፤ ሁለተኛው አዋላጂቱ ጐትታ ነው ይላል፤ ሦስተኛው የሰው ዓይን ነው ይላል። ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም፤ በዮሐንስ ወንጌል በዘጠነኛው ምዕራፍ ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው የጠየቁት ይህንኑ ነበር። ጌታ ግን ኀጢአቱን በእርሱም በወላጆቹም ላይ አላደረገም፤ ወዲያው ምራቁን ከዐፈር ለውሶ ወደ ሥራው ገባ እንጂ። ይህም ማለት ጥፋት ፈጽሞ አይመረመርም ማለት አይደለም። ሁለተኛ እንዳይደገም የሚመረመር ጥፋት ፍርድ ነው፤ የእናትን ልብ ለመስበር የሚነገር ጥፋት ግን ሐሜት ነው። ደግሞም ጉዳቱ አዋላጂቱ በልክና በጥንቃቄ ስትሠራ ሳለች፥ ከምጡ ኀይል ብቻ ሊደርስ ይችላል። ሳይመረመር የሚፈረድባት አዋላጅ ያየችውን ለመሰወር ትፈተናለች፤ የምታፍር እናትም ልጅዋን በነጠላ ትሸፍናለች፤ እጁ በተሸፈነበት ወራት የሚጐዳው ግን ያልበደለው ሕፃን ነው።

በዚህ ነገር ጊዜ እንደ ሌላው ጊዜ አይደለምና። የተጐዳ ነርቭ የሚያድገው በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ትእዛዝ የማይደርሰው ሥጋም እየቀነሰና እየደረቀ ይሄዳል። ስለዚህ ሐኪሞች ሕፃኑን ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ ማየት ይወዳሉ፤ ሦስተኛው ወር ሲፈጸምም ክርኑን በራሱ ኀይል ማጠፍ ችሎ እንደ ሆነ ይመረምራሉ። ካልቻለም ዓመት ሳይሞላው ከእግሩ ነርቭ ወስደው የተበጠሰውን በቀዶ ጥገና ለመቀጠል ያስባሉ።

እንግዲህ ካህናት ሆይ፥ ይህን ቍጥር ከልማዳችን ጋራ አስተያዩት። ወንድ ልጅ በ40 ቀን፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ትነሣለች። እናት እስከዚያ ከቤት አትውጣ የሚል ልማድ በያዘ ቤት፥ ሴቲቱ ሕፃን ከዘጠናው ቀን ሰማንያው በደጅ መዝጊያ ውስጥ ያልፍባታል። ሥርዐቱ ግን የተናገረው ስለ ቤተ መቅደስ ደጅ ነው እንጂ ስለ ሐኪም ደጅ አይደለም። በሰንበት እጁ የሰለለችውን ሰው ጌታ በምኵራብ ባገኘው ጊዜ ክርክሩ ስለ ቀን ነበር። ያ ሰው እስከ ማግሥቱ ቢቈይ እጁ ከነበረችበት የባሰች አትሆንም ነበር፤ ሆኖም ምሕረት ለነገ አልተባለችም። ለዚህች ሕፃን ግን ነገ እንደ ዛሬ አይደለም፤ ምሕረቱን ማዘግየታችን እንዴት ይጸድቃል? ለአራስ ቤት ጠበል ሊረጭ የሚገባው የነፍስ አባት ነውና፥ ሕፃኑ ሁለቱን እጆቹን አስተካክሎ ያነሣ እንደ ሆነ ይመልከት፤ ካላነሣም፥ ጠበሉን ረጭቶ ወደ ሐኪም ሂዱ ይበል። ሐኪምም መድኃኒትም ከእግዚአብሔር እንደ ሆኑ መጽሐፈ ሲራክ ያስተምራልና፥ ጠበልና ሐኪም ባላንጣዎች አይደሉም።

ነገር ግን መቸኰል ብቻ ርዳታ አይሆንም። የጀርመን ንጉሠ ነገሥት የነበረው ዳግማዊ ዊልሄልም በአውሮፓ አቈጣጠር በጥር 1859 ዓ.ም. በበርሊን በጭንቅ ተወልዶ ግራ እጁ ሰለለች። ደኅናውን እጅ ከአካሉ ጋራ አሰሩበት፤ የሰለለችውን አዲስ በታረደ ጥንቸል ሥጋ ውስጥ አስገቡበት፤ በኤሌክትሪክም አሠቃዩት። እጁ አልዳነችም፤ አጥራም ቀረች። ሲያድግም በሚነሣው ሥዕል ብዙ ጊዜ ያችን እጅ በጓንትና በሰይፍ እጀታ ይሰውራት ነበር። በቤተ መንግሥት ሀብት ጐድሎ አይደለም፤ ርዳታው ከኀፍረት የተነሣ ስለ ነበረ ነው እንጂ። በእኛም አገር ሕፃኑን ወደ ወጌሻ ወስዶ ማስጐተትና አጥብቆ ማሳሰር ከዚህ የራቀ አይደለም፤ የወጌሻ ሙያ ለአጥንት ነው፤ የተበጠሰ ነርቭ በመጐተት አይገጥምም።

እውነተኛው ርዳታ ትሑትና ዘወትራዊ ነው። ሐኪሙ የአጥንት ስብራት አለመኖሩን ከመረመረ በኋላ፥ ባለሙያ እንዳሳያት እናቲቱ ትከሻውን፥ ክርኑን፥ ጣቶቹን በቀን ብዙ ጊዜ በቀስታ ታንቀሳቅሳለች፤ መገጣጠሚያው የደረቀ እንደ ሆነ ነርቩ ቢድን እንኳ እጁ አትዘረጋምና። ልብስ ሲለብስ የተጐዳችው እጅ ትቅደም፤ ሲያወልቅ ትከተል። በብብቱ ወይም በእጁ ይዞ ማንጠልጠል አይገባም። ከፍ ሲልም ሁሉን ነገር አናድርግለት፤ በተጐዳችው እጅ አሻንጉሊቱን ይያዝ፥ ዳቦውንም ይቍረስ። ጌታ ያን ሰው እጁን ይዞ አልጐተተውም፤ ራሱ እንዲዘረጋት አዘዘው እንጂ። ጭድ ብቻውን በነፋስ ይበናል፤ ጭቃም ብቻውን ይሰነጠቃል፤ አብረው ሲቦኩ ግን ግድግዳ ይቆማል። ርኅራኄና ተግሣጽም እንዲሁ ናቸው።

ምናልባት አንድ ሰው፥ የዕለት እንጀራዋን ከገበያ የምትለቅም ሴት ሥራዋን ትታ ዘወትር ወደ ሐኪም ቤት እንዴት ትመላለሳለች? ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ስለዚህ ዕዳው የእርስዋ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ የሕፃናትን አጥንትና እጅ እግር የሚያክም ኪዩር የሚባል ሆስፒታል በአውሮፓ አቈጣጠር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም አለ። ሐኪሙ ካለ፥ የጐደለው ብዙ ጊዜ የአውቶቡስ ዋጋና መደቧን የሚጠብቅላት ጎረቤት ነው። ለሞተ ሰው ድንኳን የሚተክል ዕድር በሕይወት ላለ ሕፃን መንገድ ቢከፍል ምን ይከለክለዋል? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ፈጽማ የማትድን እጅ አለች። ያን ጊዜ ሕፃኑ ጐዶሎ ነው አንበል፤ በመጽሐፈ መሳፍንት የእስራኤል አዳኝ የሆነው ናዖድ በግራ እጁ የሚሠራ ሰው ነበር። ነገር ግን ይህ መጽናናት የሚገባው የሚቻለው ሁሉ ከተደረገ በኋላ ነው፤ ሳያደርጉ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ማለት ስንፍናን በትዕግሥት ስም መጥራት ነው። አንድ እጅ አያጨበጭብም ይባላል፤ ያችን ሁለተኛ እጅ እስክትጸና ድረስ ደግፎ መያዝ ግን የእናቲቱም፥ የጎረቤቱም፥ የካህኑም ዕዳ ነው።