«ድንገት ነው» ስለ ማለት

ሰው በባልንጀራው ላይ ጉዳት ባደረሰ ጊዜ ከአፉ ቀድሞ የሚወጣው ቃል አብዛኛውን ጊዜ «ድንገት ነው» የሚለው ነው። ቃሉ አጭር ሲሆን ሥራው ግን ብዙ ነው። ተናጋሪውን ከክፋት ነጻ ያወጣዋል፤ ሰሚውንም ቍጣውን እንዲያበርድ ያስገድደዋል፤ ከዚያም አልፎ ነገሩን ሁሉ ማንም ባልሠራውና ማንም ባላዘዘው ዕድል ላይ ይጥለዋል። እኔም ይህን ቃል ሳልመረምረው ስናገር ኖሬአለሁ። መመርመር የጀመርሁት ባለፈው ዓመት፣ በቤቴ ከማኖራቸው ዓሦች የተነሣ ነው።

የምኖረው በአዲስ አበባ ከጋራ መኖሪያ ቤቶች በአንዱ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በእንግዳ መቀበያው ክፍል ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 35፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ የመስተዋት ሣጥን አለ። ጢም ብሎ ሲሞላ 112 ሊትር ውሃ ይይዛል፤ ይህም ማለት የውሃው ክብደት ብቻ 112 ኪሎ ነው። በውስጡ ሰባት ወርቃማ ዓሦች ነበሩበት።

ዓሣን በቤቱ የሚያኖር ሰው ከውሃ ጋር ያለበትን ግብግብ ያላየው አያውቀውም። ባልዲ ይደፋል። አሮጌውን ውሃ የሚቀዳው ጎማ ከባልዲው አፍ ሸርተት ብሎ ምንጣፉን ያጠጣዋል። መብራት ሲጠፋም፣ አየር የሚነፋው ትንሽ ሞተር ከውሃው በታች ተቀምጦ እንደ ሆነ፣ ውሃው በቀጭኑ ቱቦ ወደ ኋላ እየተመለሰ ወለሉን ሲያርሰው ያድራል። ይህ የመጨረሻው ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል። በመጀመሪያው ጊዜ የነገሩን ጠባይ አላውቅም ነበርና «ድንገት» ብለው ሐሰት አይሆንብኝም። ሁለተኛው ግን ሌላ ነው። ሞተሩን ከውሃው በላይ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ወይም አየሩን አሳልፎ ውሃውን የሚያግድ ትንሽ መዝጊያ በቱቦው ላይ ማግባት እንደሚበቃ ከመጀመሪያው ተምሬ ነበር። ነገር ግን «ነገ አደርገዋለሁ» እያልሁ ሰነበትሁ፤ መብራቱም ነገዬን ሳይጠብቅ ጠፋ። ያን ጊዜ የራሰው የራሴ ምንጣፍ ነበርና ራሴን ብዙ አልወቀስሁም።

ዋናው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። አንድ ማለዳ ከሣጥኑ አሮጌ ውሃ እኩሌታውን አውጥቼ አዲስ ልጨምርበት ተነሣሁ። ለወትሮው ውሃውን በባልዲ አጠራቅሜ፣ ክሎሪኑ እስኪወጣለት ድረስ አፉን ገልጬ አንድ ቀን ሁለት ቀን አቆየዋለሁ። በዚያን ቀን ግን ቸኵዬ ነበርና ጎማውን ከቧንቧው በቀጥታ ወደ ሣጥኑ አገባሁት። ቧንቧው ጥቂት አጕረምርሞ ቀጥ አለ። ሰዓቱ ረፍዶ ነበር፤ ቧንቧውን እንደ ተከፈተ ትቼው ወደ መሥሪያ ቤቴ ሄድሁ። ውሃው በስድስት ሰዓት ገደማ እንደ መጣ ጎረቤቶች ኋላ ነገሩኝ። እኔ የተመለስሁት በዐሥራ ሁለት ሰዓት ነው።

ከእኔ በታች አንዲት ባልቴት ይኖራሉ። በዚያን ቀን ለልቅሶ ወጥተው ስለ ነበር የሚጮኽም የሚጣራም አልተገኘም። ውሃው ከወለሌ ሾልኮ በጣራቸው ወርዶ፣ በክፍላቸው መካከል ያሰጡትን ድልዝ በርበሬ ጭቃ አድርጎት ነበር። በርበሬው ባሕር ማዶ ለምትኖር ልጃቸው፣ በዚያው ሳምንት እሑድ ከሚሄድ መንገደኛ ጋር ተፈጭቶ ሊላክላት የተሰናዳ ነበር።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ድንገት ነው» አልኋቸው።

እርሳቸውም በርበሬውን በእጃቸው እያገላበጡ፣ «ድንገትስ የኔ ነው፤ ልቅሶ ደርሼ ስመለስ ያገኘሁት። ያንተ መርሳት ነው፣ ልጄ» አሉኝ። በድምፃቸው ቍጣ አልነበረበትም።

እርግጥ ነው፣ መርሳት በፈቃድ የሚደረግ አይደለምና ሊያስወቅስ አይገባም የሚል ይኖራል። እኔም በዚያች ሌሊት ለራሴ የተከራከርሁት በዚሁ ነበር። ዳሩ ግን ሰው ምን እንደሚረሳ ልብ ብሎ ቢያይ መርሳት እንደምናስበው ዕውር አይደለም። ደመወዙን ያስቀመጠበትን ኪስ የሚረሳ ጥቂት ነው። ቶሎ የምንረሳው ጉዳቱ በሌላው ራስ ላይ የሚወርደውን ነገር ነው። የእኔ ወለል ለእርሳቸው ጣራ መሆኑን በዚያ ቤት በኖርሁበት ዘመን ሁሉ አንድ ቀን እንኳ አስቤው አላውቅም ነበር፤ የተከፈተው ቧንቧም ከልቤ የወጣው ስለዚህ ይመስለኛል።

በሌላ ወገን ደግሞ የሰው ምርመራ የማይደርስበት ምክንያት መኖሩን አልክድም። በታኅሣሥ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በጀርመን አገር በበርሊን ከተማ፣ በአንድ ሆቴል አዳራሽ የቆመ፣ 1 ሚሊዮን ሊትር ያህል ውሃና 1,500 ያህል ዓሦች የያዘ ታላቅ የዓሣ ማኖሪያ ጎሕ ሳይቀድ ፈነዳ። ሁለት ሰዎች ቈሰሉ፤ ከዓሦቹም የሚበዙት አለቁ። ዐዋቂዎች ስብርባሪውን ሰብስበው ከመረመሩ በኋላ እንኳ ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ብለው ለመቍረጥ አልቻሉም። እንግዲህ «ድንገት» የሚለው ቃል ቦታ ካለው በዚህ ይኖረዋል። ነገር ግን በዚያም ቢሆን ጐዳናውን የሞላው ስብርባሪ መጠረግ ነበረበት፤ በምድር ቤቱ ሣጥኖች የተረፉትም ዓሦች ወደ ሌላ ስፍራ መዛወር ነበረባቸው። ጥፋተኛው ባይታወቅም ሥራው ይቀራል ማለት ነው።

ሕጋችንም ይህን አይቶታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም እንኳ፣ ኀላፊ ያደርገዋል። የእንስሳም ባለቤት እንስሳው ሳይታሰብ ከእጁ አምልጦ ለሚያደርሰው ጉዳት እንዲሁ ነው። (ወርቃማ ዓሣ በዚህ አንቀጽ ይገባ እንደ ሆነ ለዳኞች እተወዋለሁ።) ሕጉ በእነዚህ ስፍራዎች የሚጠይቀው «ክፉ አስበህ ነበርን?» ብሎ አይደለም። የደረሰውን ጉዳት ማን ይሸከመው ይላል እንጂ።

የበርበሬውን ዋጋ ከፈልሁ፤ ጣራቸውንም አስቀባሁ። መንገደኛው ግን በእሑዱ ባዶ እጁን ሄደ፤ ለዚህ የሚሆን ክፍያ አላገኘሁለትም። ዓሦቹም አሉ። ቀኑን ሙሉ ከቧንቧ በቀጥታ የወረደባቸው ክሎሪን ያለበት ውሃ የሚተነፍሱበትን ስንጥብ ጐድቶባቸው በሁለት ቀን ውስጥ ሦስቱ ሞቱ። ባልቴቲቱ ለበርበሬያቸው አፍ ነበራቸው። ዓሦቹ የሌላ ሰው ገንዘብ ስላልሆኑ ግን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ራሴ ልጠይቅ አልቸኰልሁም። በጣራው ጊዜ ያፈርሁትን ያህል በእነርሱ ለማፈር ብዙ ሳምንት ወሰደብኝ።

ቀቢዎቹ ሥራቸውን በጨረሱ ማግሥት እማማ ወደ ቤቴ ወጥተው ቡና ጠጡ። ያን ሁሉ ውሃ ያፈሰሰው ነገር ምን እንደሚመስል ማየት ፈልገው ነበር። ከመስተዋቱ ፊት ጐንበስ ብለው ዓሦቹን በጣታቸው ቈጠሩ።

«ሰባት ናቸው ብለኸኝ አልነበር? ሦስቱስ የት አሉ?» አሉኝ።

ነገርኋቸው።