ሆድ ይፍጀው ያሉትን ስለ መጠየቅ

የሽማግሌዎችንና የባልቴቶችን የሕይወት ታሪክ ጽፎ ማቆየት ምስጋና የሚገባው ሥራ ነው፤ ያልተጻፈ ነገር ከባለቤቱ ጋር ይቀበራልና። ዳሩ ግን ደብተር ይዞ ከመነሣት በፊት አንድ ጥያቄ መመርመር ይገባል። ይኸውም፦ ሰው መከራውን እንዲናገር መጠየቅ መቼ በጎ ሥራ፣ መቼስ በደል ይሆናል? የሚለው ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ሙዱላ ላይ ሰማንያ ዓመት የሞላቸው አንድ አባት፣ መሬት ለአራሹ የሆነበትን የ1967ቱን አዋጅም፣ የ1969ና የ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብርንም በጎልማሳነታቸው ያዩ ናቸው። በዚያ የሽብር ዘመን ደብተር ይዞ «ከአንተ ጋር ማን ነበር? ምን ተነጋገራችሁ?» እያለ የሚጠይቅ ሰው መርማሪ ነበር። ዛሬ አንተም ደብተርህን ይዘህ ያንኑ ቃል ትጠይቃለህ። ልብህ ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን በዚያ ያለፈ ሰው ከልብህ አስቀድሞ የሚያየው ደብተርህን ነው። ሐኪሞች እንደሚሉት፣ በብርቱ መከራ የቆሰለ ሰው ያን ቀን ሲያስታውስ እንዳለፈ ነገር ሳይሆን እንደ አሁን ሆኖ ይሰማዋል። ስለዚህ ቀኑን ቢያምታታ ወይም በድንገት ዝም ቢል ሐሰተኛ ነው አይባልም።

ታዲያ ጠያቂን ከመርማሪ የሚለየው ምንድን ነው? መልሱ አጭር ነው፤ ጠያቂን እምቢ ማለት ይቻላል። እምቢ የማይባል ጥያቄ፣ በፈገግታ ቢቀርብም ምርመራ ነው።

እንግዲህ አስቀድመህ፣ «አባባ፣ ያሻዎትን ይንገሩኝ፤ ያላሻዎትን ይተዉት፤ በቃኝ ሲሉ እናቆማለን» በል። ከቁስሉ ሳይሆን ከሥራው ጀምር፤ ስለ እንሰት ተከላ፣ ወይም ወንጂ ወርደው ሸንኮራ ስለ ቆረጡበት ጊዜ ጠይቅ። ጠምባርኛ የሚቀናቸው ከሆነ በጠምባርኛ ይናገሩ፤ ነገር ግን ልጃቸውን አስተርጓሚ አታድርግ፤ አባት በልጁ ፊት የማይናገረው ብዙ ነውና። የጻፍኸውን አንብብላቸው፤ ሰርዝ ያሉህን ሰርዝ። ካለቀሱም ደብተርህን አጥፈህ አብረሃቸው ቡና ጠጣ እንጂ ተነሥተህ አትሂድ።

«እንዲህ ከሆነ ታሪክ ይጠፋል» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. ያረፉትን የከምባታዋን ቦጋለች ገብሬን እንመልከት። በልጅነታቸው የደረሰባቸውን ግርዛት በአደባባይ የተናገሩት ማንም አስገድዷቸው አይደለም፤ ጊዜውንም ቃሉንም ራሳቸው መርጠው ነው። በየመንደሩም ሰው ተሰብስቦ ስለዚሁ ልማድ በገዛ አፉ እንዲነጋገር አደረጉ። ነፃ ሆኖ የተነገረ ቃል እንዲህ አገር ያስተምራል።

ይሁን እንጂ ቁስል እንዳልነካ ብለን ጨርሶ አለመጠየቅም ደግነት አይደለም። ጠያቂ አጥተው የኖሩ ብዙ ናቸውና። እንግዲህ ጠይቅ፤ ከዚያም ታገሥ። «ሆድ ይፍጀው» ካሉህ ግን አክብረህ ተወው። ያ ታሪክ ከአንተ አስቀድሞ የእርሳቸው ነው።