«አገርህ የት ነው?»

ቤት ልከራይ ሄጄ አከራዩ መጀመሪያ የጠየቁኝ ደሞዜን አይደለም፤ «ለመሆኑ አገርህ የት ነው?» አሉኝ። አባቴና እናቴ የተለያየ አገር ሰዎች ናቸው። የትኛውን ልበል? የሚያዋጣኝን ግማሽ ተናገርኩ።

ድንጋይም ይኼው ጥያቄ ይቀርብለታል። ሊማሊሞ ላይ የተደራረበው ባዛልት የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። በባዛልት ውስጥ ዚርኮን እምብዛም የለም፤ አብረውት በሚነባበሩት ሲሊካ የበዛባቸው አለቶች ግን ይገኛል። ዚርኮን ሲፈጠር ዩራኒየም ያስገባል፣ እርሳስን ይገፋል። በኋላ የሚገኝበት እርሳስ ከዩራኒየሙ መፍረስ የመጣ ስለሆነ ዕድሜውን ይናገራል። የሃፍኒየም አይሶቶፖቹ ደግሞ ቅልጥ አለቱ ከማንትል ብቻ ይምጣ ወይስ ያረጀ የምድር ቅርፊት ይቀላቀልበት ይጠቁማሉ።

ጂኦሎጂስቶች ይህን ቅልቅል «ብክለት» ይሉታል። ቃሉ ቀድሞ ንጹሕ ነገር የነበረ ያስመስላል። ማንትሉ ራሱ ግን የጥንት ቅርፊት ሲውጥ የኖረ ነው።

መጠየቅ ነውር የለውም። ጂኦሎጂስቱ የሚጠይቀው ታሪኩን ሙሉ ለመስማት ነው፤ አከራዩ ግን በር ለመክፈት ወይ ለመዝጋት። እኔም ግማሼን ደብቄ ተባበርኳቸው። ቤቱን አገኘሁት። እናቴን ግን እስካሁን ቤቴ አልጋበዝኳትም።