ለጥምቀት ለምትመጡ ልጆቼ፦ ስለ ዝንጀሮው፣ ስለ ፈረሱና ስለ ጭላዳው

ልጆቼ፣ ከአዲስ አበባም ከባሕር ማዶም ለጥምቀት ወደ ፍኖተ ሰላም የምትመጡ ሁሉ፣ መንገዱ እንደ ልብ በማያስኬድበት በዚህ ዘመን አገር ቤት እንግባ ማለታችሁ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ከበዓሉ በኋላ ሰላም የሆነውን መንገድ ጠይቃችሁ በቡሬ አድርጋችሁ ወደ ኮሶበር፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ከቀናችሁም እስከ ስሜን ተራሮች ለመዝለቅ እንዳሰባችሁ ሰማሁ። ደግ አሰባችሁ። ነገር ግን መካር የሌለው ንጉሥ ያላንድ ዓመት አይነግሥም። ምክር ለንጉሥ ካስፈለገው ለመንገደኛማ እንዴት አያስፈልገው?

ስለ ስንቅና ስለ ሌባ አልመክራችሁም፤ እሱን እናንተ ታውቁታላችሁ። የምነግራችሁ በየመንገዱ ስለሚያጋጥሟችሁ አፍ የሌላቸው ፍጥረታት ነው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ሰውም ከሰፈሩ ሲርቅ እቤቱ የማያደርገውን ያደርጋል። የጎረቤቱን በግ በድንጋይ የማይነካ ልጅ አባይ በረሃ ላይ ሲደርስ ዝንጀሮው ላይ የውሃ ፕላስቲክ ሲወረውር አይቻለሁ። ዱሩ ባለቤት ያለው ቤት ነው፤ እኛ ደግሞ የገባንበት እንግዶች ነን። እንግዳ ጓዳ አይከፍትም፣ የባለቤቱን ልጅ ከእናቱ እቅፍ አይነጥቅም፤ የተቀመጠበትንም ቦታ አቆሽሾ አይሄድም።

ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ቁልቁል ስትወርዱ ሹፌሩ በየመጠምዘዣው ፍጥነቱን ይቀንሳል። ዝንጀሮዎቹ ያንን ስለሚያውቁ አስፋልቱ ዳር ተደርድረው ይጠብቃሉ። መስኮት ይከፈታል፣ ስልክ ይወጣል፣ ሙዝና ብስኩት ይወረወራል፣ ሳቅ ይሆናል። ልጇን ሆዷ ሥር ያንጠለጠለች እናት ለአንዲት ሙዝ ብላ አስፋልቱን ታቋርጣለች። ከበስተኋላ ደግሞ ፍሬኑ የጋለ ሲኖትራክ እየወረደ ነው። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! ይህ ተረት እሷን ብቻ የሚመለከት እንዳይመስላችሁ፤ ሙዙን የወረወረውንም ይመለከታል። ፎቶውን አየ እንጂ መኪናውን አላየም።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላልና ክፋቱን ከሥሩ ልንገራችሁ። ምግብ ከሰው እጅ የለመደ ዝንጀሮ ሰውን መፍራት ያቆማል። የሚወረውርለት ሲያጣ ይነጥቃል፤ ቦርሳ ይጎትታል፣ ሕፃን ይቧጭራል። ከዚያ በኋላ «ዝንጀሮው ከፋ» ይባልና ድንጋይና ውሻ ይላክበታል። ከቡሬ አልፎ ኮሶበር ሳትደርሱ ዘንገና ሐይቅን ታገኛላችሁ። ዳሩ ላይ ባለው ጫካም ጦጣ አይጠፋም። ውሃውን ከዳር ቁማችሁ እዩ፤ የምትበሉትን ግን መኪና ውስጥ ጨርሱ።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ዳፋው ገበሬ ላይ ስለሚያርፍ ነው። ጃቢ ጠህናን፣ ቡሬና ወንበርማ የበቆሎ አገር ናቸው። እሸት ሲደርስ በየማሳው ማማ ይሠራል፤ አንድ ብላቴና ወንጭፉን ይዞ ጎህ ሲቀድ ይወጣበታል፤ ሲመሽ ይወርዳል። ትምህርት ቤት በተከፈተበት በመስከረም ወር ደብተሩ ቤት ተቀምጦ ልጁ ጦጣ ይጠብቃል። ጦጣ አንዱን እሸት ገንጥላ አትጠግብም፤ ትነክሰዋለች፣ ትጥለዋለች፣ ሌላ ትገነጥላለች። ሰው የምትፈራ ጦጣ በጩኸት ትመለሳለች። ከሰው እጅ የበላች ግን ጩኸቱን ትንቀዋለች። ያን ጊዜ የተቸገረው ገበሬ ወጥመድና መርዝ ያስባል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። ያለመዳት መንገደኛ ባሕር ዳር ገብቶ ዓሣውን ይበላል፤ ዱላው የሚያርፈው ግን ጦጣዋ ላይ ነው።

ፍኖተ ሰላም ስትገቡ ደግሞ ጋሪ ታገኛላችሁ። ባጃጅ ብዙውን ሥራ ቢወስድበትም የጋሪ ፈረስ ዛሬም ይሠራል። ልጆቻችሁን ጋሪ ላይ ማውጣት ብትፈልጉ አልቃወምም፤ ባለጋሪው በዚያ ፈረስ ቤተሰብ ያስተዳድራል። ብቻ ከመውጣታችሁ በፊት ወደ ፈረሱ ጠጋ በሉና እዩት። ባለቤቱን «ወንድሜ፣ ኮርቻውን ከፍ አድርግልን» በሉት። ከሥሩ ፀጉሩ የተላጠ፣ ቀይ ሥጋ ያወጣ፣ ዝንብ የከበበው ቁስል ካለ ገጣባ ነው። ገጣባ ፈረስ እየሄደ ያለው ስላልታመመ ሳይሆን ጅራፉን ስለሚፈራ ነው። የፊት እግሩን እያፈራረቀ የሚያነሣውንም፣ አፉ በልጓም የቆሰለውንም ተዉት። ጀርባው ደህና የሆነውን፣ ዓይኑ ንቁ የሆነውን ምረጡ። ለባለ ገጣባውም «ሲድን እንመጣለን» ብላችሁ በቅንነት ንገሩት፤ ሰው ፊት አታዋርዱት። እንግዳ ሁሉ ቁስል እያየ የሚያልፍ ከሆነ ባለቤቱ ለኮርቻው ድልድል ያበጃል፤ እየተቆጣ ሳይሆን እየገባው።

ዋጋ ስትከራከሩም አስቡበት። ከሒሳቡ ላይ የምታስቀንሷት አሥር ብር ከፈረሱ ገብስ ላይ የምትቀነስ ናት። አምስት ሆናችሁ በአንድ ጋሪ አትጫኑ። ዳገት ሲሆን ወርዳችሁ በእግራችሁ ውጡ። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም፤ የእሱ ድርሻ ማድረስ ነው፣ ልኩን ማወቅ የእኛ ነው። ጠቢቡ ሰሎሞንም በምሳሌው ጻድቅን ሰው ሲያውቅ ለእንስሳው በመራራቱ ነው ያወቀው። አገራችን በአህያ ብዛት ከዓለም ግንባር ቀደም ናትና ለአህያይቱም ያው ነው።

እስከ ጥር 23 ከቆያችሁ እንጅባራ (ኮሶበር) ላይ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ሳታዩ አትመለሱ። የፈረሰኞቹ ማኅበር በ1932 ዓ.ም የተመሠረተ ነው፤ በዐድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶች ይዘክራል። በዓለም ላይ ለፈረስ ውለታ ማኅበር ያቆመ ሕዝብ ስንት ይኖራል? እዚያ ፈረሱ በጌጥ አሸብርቆ፣ ግላሱ አምሮበት ታዩታላችሁ። እንዲህ ያለ ክብር ያለውን እንስሳ «ቪዲዮው አልወጣልኝም፣ እንደገና ጋልብልኝ» እያላችሁ አረፋ እስኪደፍቅ አታስሩጡት። አንዴ የሮጠ ፈረስ ይረፍ፣ ውሃ ይጠጣ።

ባሕር ዳር ጀልባ ተሳፍራችሁ አባይ ከጣና ወደሚወጣበት ስትሄዱ ጉማሬ ልታገኙ ትችላላችሁ። ጀልባ ነጂው የሚጠጋው ለጉርሻው ብሎ ነው። ስለዚህ ገና ወደብ ላይ እያላችሁ «ከሩቅ ሞተሩን አጥፋልን፤ ጉርሻህ አይቀርም» በሉት። ግልገል ያላት ጉማሬ ጀልባ ትገለብጣለች።

አሁን ወደ ስሜን። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። በ1989 ዓ.ም ደግሞ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ እርሻውና ግጦሹ ወደ ላይ እየገፋ ዋልያውን መኖሪያ አሳጥቶት ነበር። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2009 ዓ.ም ነው። ዝም ብሎ አልወጣም። በፓርኩ መካከል የነበሩት የግጭ መንደር ሰዎች ከ2009 ዓ.ም በፊት ቀዬአቸውን፣ የአባቶቻቸውን መቃብርና ማሳቸውን ትተው ወደ ደባርቅ ወርደዋል። እኔ ገበሬ ነኝ፤ ከቀዬ መነሣት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እነዚያ ሰዎች ለዋልያው ሲባል ቤታቸውን ከለቀቁ፣ እናንተ ለፎቶ ብላችሁ ከተጠጋችሁበት ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ መመለስ ሊከብዳችሁ አይገባም።

እዚያ የምታገኙትን ጭላዳ ዝንጀሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በዱር የሚያገኘው የለም። ሣር በል ነው፤ ቀን ሜዳው ላይ ይግጣል፣ ሲመሽ ገደል ላይ ያድራል። በመንጋ ተቀምጦ ስለማይሸሽ ለማዳ ይመስላል፤ ሰዎችም መካከሉ ገብተው ይቀመጣሉ። ደረቱ ቀይ የሆነው ጎፈራሙ ወንድ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ክራንቻውን ካሳያችሁ ሳቀልን አትበሉ። ማስጠንቀቂያ ነው፤ ፊታችሁን ሳታዞሩ ቀስ ብላችሁ ራቁ። ጉንፋን የያዘው ሰው ደግሞ ጨርሶ አይጠጋ፤ የሰው በሽታ ወደ እነሱ ይሻገራል። ውሻ ይዛችሁ አትውጡ። ቀይ ቀበሮ በመላው ኢትዮጵያ የቀረው በመቶዎች የሚቆጠር ነው፤ ከሚፈጁትም ዋናው ከውሻ የሚጋባው የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ስጦታ ስትገዙም ከአውሬ ገላ የተሠራ አትግዙ። የጉሬዛ ቆዳ፣ የነብር ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስ ገዢ ካጣ ገዳይ ያጣል። መንግሥት በመጋቢት 2007 ዓ.ም ከ6 ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ላይ በእሳት ያቃጠለው ንግዱን ለማምከን ነው። የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል። እዚህ ጎጃም ጉሬዛ ዛሬም ከዛፍ ዛፍ ሲዘል የምናየው በየደብሩ ዙሪያ ባለው ደን ነው፤ ካህናቱና ምእመናኑ ዛፉን ስለጠበቁ ወፉም ጉሬዛውም መጠለያ አገኘ። ደብር ስትሳለሙ በዚያ ደን ውስጥ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ ፕላስቲካችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ከመነሣታችሁ በፊት ሹፌሩን ቁጭ አድርጋችሁ አነጋግሩት። አባይ በረሃ ላይ ለዝንጀሮ እንዳይቆም፣ ማታ የዱር አካባቢ ላይ በዝግታ እንዲነዳ ንገሩት። ደባርቅ ስትደርሱ መግቢያውን ክፈሉ፤ አስጎብኚና ስካውት (የፓርኩን ጠባቂ) ይዛችሁ ውጡ። ስካውቱ ተራራው ላይ ያደገ ሰው ነው፤ «ተመለሱ» ካለ ተመለሱ፣ «በዚህ አትለፉ» ካለ አትለፉ። ይህን አደራ ሰጥቻችኋለሁ፤ መንገዳችሁን የሰላም ያድርግላችሁ።