ሕሊና ለማን ይታዘዛል?

እ.ኤ.አ. ሜይ 27 ቀን 2018 ማታ የጣሊያን ትልቁ ጥያቄ አንድ ሆነ፦ ፕሬዚዳንቱ ይከሰሱ?

ፕሬዚዳንት ሰርጆ ማታሬላ፣ በዕጩነት የቀረቡላቸውን ፓውሎ ሳቮናን የኢኮኖሚ ሚኒስትር አድርጌ አልሾምም ብለው ነበር። የአምስት ኮከብ ንቅናቄ መሪ ሉዊጂ ዲ ማዮ ፕሬዚዳንቱ በጣሊያን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 እንዲከሰሱ ጠየቁ። በቀናት ውስጥ ግን ስምምነት ተገኘ፤ ሳቮና ሌላ የሚኒስትርነት ቦታ አገኙ፣ የክሱም ጥሪ ቀረ። ጁን 1 አዲሱ መንግሥት ቃለ መሐላ ፈጸመ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አንቀጽ 90 ፕሬዚዳንትን የሚያስከስሰው በከፍተኛ የአገር ክህደት ወይም ሕገ መንግሥትን በመጣስ ብቻ ነው። ክህደት ተፈጽሞ ከሆነ የሚኒስትር ወንበር እንዴት ያስተሰርየዋል? ካልተፈጸመስ እንዲህ ያለ ክስ በሰው ላይ ማንሣት በሐሰት ከመመስከር በምን ይለያል?

ከዚያ በፊትም በፕሬዚዳንቶቹ በፍራንቼስኮ ኮሲጋ (እ.ኤ.አ. በ1991) እና በጆርጆ ናፖሊታኖ (እ.ኤ.አ. በ2014) ላይ ክስ ተጠይቆ ነበር። አንዱም ፍርድ ቤት አልደረሰም።

እንደራሴ ለፓርቲው ወይስ ለሕሊናው ይታዘዛል የሚለው ጥያቄ የእኛም ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው ተገዢ እንዲሆን ያዛል። ፓርቲ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ይሁንና ከ2002 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ በዚሁ ምክር ቤት የነበሩት የተቃዋሚ ፓርቲ ተመራጭ አቶ ግርማ ሰይፉ ብቻ ነበሩ፤ ከ2007 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ አንድም አልነበረም። በእንዲህ ያለ ምክር ቤት ባለሥልጣንን የመቆጣጠሩ ሸክም በገዢው ፓርቲ አባላት ሕሊና ላይ ይወድቃል። መራጭ ሆይ፣ እንደራሴህን ስታገኘው ከፓርቲው ተለይቶ ድምፅ የሰጠው መቼ እንደሆነ ጠይቀው።