ውሃ ወደ ልብስ ሲመጣ

ልጄ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን መግዛትሽን ስሰማ ደስ ብሎኛል። እጅሽ ይረፍ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ።

እኔ ያደግሁት ስማዳ ነው። ቤታችን አፋፉ ላይ፣ ምንጩ ከገደሉ ሥር። በመጋቢትና በሚያዝያ ምንጩ ሲመነምን በሌሊት ወርደን ወረፋ እንይዛለን፤ የተጠራቀመችውን በቅል እየጨለፍን እንስራው እስኪሞላ ፀሐይ ትወጣለች። እናቴ ውሃው እንዳይፈናጠቅ የእንስራው አፍ ላይ ቅጠል ጣል ታደርግበታለች። በዚያ ዳገት የተሸከምነውን ውሃ ልብስ ለማጠብ አናወጣውም። እንዶድ ወቅጠን፣ ልብሱን አዝለን ወንዝ እንወርዳለን። ልብስ ወደ ውሃ ይሄዳል እንጂ ውሃ ወደ ልብስ አይመጣም። ዛሬም በስማዳም በታች ጋይንትም እንስራው በቢጫ ጀሪካን ተተካ እንጂ ዳገቱ አልቀረም።

አዲስ አበባ፣ አንቺ ቤት፣ ውሃው በቧንቧ ገብቶ በቱቦ ይወጣል፤ ዓይንሽ አያየውም። ስለዚህ በጀሪካን ቁጠሪው፣ ባለ 20 ሊትሩን። ከፊት የሚከፈተው ማሽን ለአንድ እጥበት 50 ሊትር ገደማ ይወስዳል፤ ሁለት ጀሪካን ተኩል። ከላይ የሚከፈተው ብዙ ጊዜ ከ100 ሊትር፣ ከአምስት ጀሪካን ያልፋል። ሁለት ሸሚዝ ብቻ ብትከቺበትም ውሃውን በዚያው ልክ አይቀንስልሽም። ልብሱ እስኪጠራቀም ታገሺ፤ ሲሞላም ከላይ እጅ የሚያስገባ ቦታ ተይለት። ዱቄት ሳሙና አታብዢ፤ አረፋው አልለቅ ሲል ደግመሽ ታለቀልቂያለሽ። የመጨረሻውን ማለቅለቂያ በባልዲ ተቀበዪው፤ ለወለልም ለሽንት ቤትም ይሆናል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ከማሽኑ ይልቅ የሽንት ቤቱ የውሃ ሣጥን ነው። ባለፈው አንቺ ዘንድ ያደርኩ ለት ሌሊቱን ሙሉ ሲንሿሿ ሰማሁት፤ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በደቂቃ ሩብ ሊትር ብቻ ቢፈስ በአንድ ቀንና ሌሊት 360 ሊትር ይሆናል። 18 ጀሪካን! የእናቴ እንስራ ከጀሪካን ብዙም አይበልጥም ነበር፤ 18 ጊዜ ያንን ገደል መውረድና መውጣት ማለት ነው፣ ማንም ሳይጠጣው። ከስኒ የተረፈ ቡና ሣጥኑ ውስጥ ጨምሪና ውሃ ሳትለቂ ግማሽ ሰዓት ቆዪ። መቀመጫው ውስጥ ቀለም ካየሽ ከሥር ያለው መዝጊያ ጎማ አልቋል። ጎማው ርካሽ ነው፤ ዛሬ ነገ ሳትዪ አስቀይሪው።

ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ፣ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ውሃ ለከተማው ስለማይበቃ ነው በፈረቃ የሚደርሳችሁ። አንቺ ዘንድ በከንቱ የፈሰሰው፣ ተራዋን ለምትጠብቅ ጎረቤትሽ ይደርስ የነበረ ነው። ታሪፉም ቢሆን ፍጆታው ሲጨምር የአንዱ ሜትር ኩብ ዋጋ አብሮ ይወጣል፤ ይሄን ደሞዝሽ ያውቀዋል።

እንግዲህ ውሃ ባለበት ሌሊት፣ ሮቶው ከሞላ በኋላ፣ ቧንቧውን ሁሉ ዝጊና የቆጣሪውን ቁጥር ጻፊ። ጠዋት ማንም ፊቱን ሳይታጠብ ደግመሽ እዪው፤ ከጨመረ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። ቅዳሜ ስትደውዪልኝ ሁለቱንም ቁጥር ንገሪኝ።